ስምንት የሚደምር፣ ስምንት የሚቀንስ

ቆቦ ውስጥ መኪና መግዛት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ መህዲ ነው። መህዲ ደላላ ነው፤ ራሱን ግን «ባለሙያ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከሹፌሩ ወንበር ጎን ይንበረከክና የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቶ ያወጣዋል። እታች በተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅ ላይ መኪናው ፋብሪካ የተሠራበት ዓመት አለ። እሱን ለማንበብ መነጽሩን ያወልቃል፤ መነጽሩ የሚደረገው ለክብር ነዋ!

ዓመቱ የፈረንጅ ስለሆነ ወደ እኛ መመለስ አለበት። የመህዲ እንጀራ እዚህች ላይ ናት። የሰው መኪና ሲሆን ስምንት ይቀንሳል። የራሱ ሲሆን ስምንት ይደምራል። አይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዘመን «እንዴት?» ያለው ሰው የለም።

ዘንድሮ ግን የራሱ ሚኒባስ እንቅልፍ ነስቶታል። ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፤ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ከደረሰ ለመመለስ ይለመናል። ክረምት ሳይገባ ካልተሸጠ እዚያው ደጁ ላይ መቅረቱ ነው። በዚህ ጭንቀት መሃል ሀሊሜ መጣች። ሀሊሜ የፍየል ነጋዴ ናት፤ ሚኒባስ ልትገዛ አስባ ጎብዬ ከተማ ያለውን የአብዱሰመድን መኪና እንዲያይላት ለመነችው።

አየላት። ቀበቶው 2003 ይላል። «በእኛ 1995!» አለ መህዲ ራሱን እየነቀነቀ። «ልጄ፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ ጡረተኛ ነው።» አብዱሰመድ የመኪናውን በር ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ከሰዓት ደግሞ ደጁ ወስዶ የራሱን ሚኒባስ ቀበቶ ጎተተላት። 2001። «የፈረንጅ ነው እንግዲህ፤ ወደ እኛ ሲመጣ 2009። ላንቺ ብዬ ነው እንጂ አልሸጠውም ነበር።»

ሀሊሜ የፍየል ዕድሜ ጥርስ ገልጣ ስታይ የኖረች ሴት ናት። «ጋሽ መህዲ» አለች በትሕትና፣ «እኔ ብዙም አልተማርኩም፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። የአብዱሰመድ ተቀነሰ፣ የአንቱ ተደመረ። ሁለቱም የመጡት ካንድ አገር አይደለም እንዴ?»

መህዲ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ። «እሱማ… ሞዴሉ ይለያያል።»

«ሞዴል ሲለያይ ዘመን ወደፊት ይሄዳል?»

ላብ አጠመቀው። የቆቦ ፀሐይም አለች፣ ሁሉንም በጥያቄዋ ላይ ማላከክ አይገባም።

«እንግዲህ የአብዱሰመድን እገዛለሁ» አለች። «ውሉ ላይ ምስክር አንቱ ነዎት፤ ዓመቱንም በእጅዎ ይጽፋሉ። እንቢ ካሉ ገበያ መሃል ቆሜ ሂሳብዎን ለሰው አስረዳለሁ።»

በማግስቱ ጎብዬ ሻይ ቤት ውስጥ ውሉ ቀረበ። ግማሽ የጎብዬ ሰው አንገቱን አስግጎ እያየው መህዲ «2003 በፈረንጅ፣ 1995 በእኛ» ብሎ ጻፈ።

«ደግ ነው» አለ ከሀሊሜ ሁሉን የሰማው አብዱሰመድ። «የራስህ 2001ስ በእኛ ስንት ይሆናል?»

ሀሊሜ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«1993» አለ መህዲ።

ከሰሙት ሰዎች አንዱ የመህዲን ሚኒባስ ለማየት ለነገ የተቀጠረ የዋጃ ሰው ነበር። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።