ጄኔሬተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ዛሬ ተራራ ላይ ተቀምጬ ስለ ጸጥታ ጥቅም አርባ ደቂቃ ሙሉ በድምፅ ማጉያ ተሰበከልኝ።

ከአዳማ አሥራ ሁለት ሆነን ከሁሩታ በላይ ወዳለው ተራራ የወጣነው የደጋ አጋዘን ልናይ ነበር። የቀበሌው ገበሬዎች ተደራጅተው ጎብኚ መቀበል ጀምረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እኛ ነን።

አስጎብኚያችን ሀዊ አጋዘኖቹ የሚወጡበትን ሰዓት ለሳምንታት ስታጠና ከርማለች። ሳናይ ከተመለስን አዳማ ገብተን "እዚያ ምንም የለም" ብለን እንደምናወራ ታውቃለች። ታውቀናለች!

ታዲያ ለጉብኝት ሥራው ምረቃ ድንኳን ተተከለ፤ ጄኔሬተር መጮህ ጀመረ። የክብር እንግዳው "የተፈጥሮን ጸጥታ እንጠብቅ!" ሲሉ ገደሉ ሦስት ጊዜ አስተጋባላቸው።

"ሀዊ፣ አጋዘኖቹስ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ይሄን ሰምተው እስካሁን ባሌ ደርሰዋል" አለችኝ። እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ሽንት ቤት እንደሚፈልግ ሽማግሌ ቀስ ብዬ ከድንኳኑ ጀርባ ዞርኩና ጄኔሬተሩን አጠፋሁት።

"ምን ሆነ?" አሉ የክብር እንግዳው።

"ነዳጅ ጨርሶ ይሆናል" አልኩ የዋህ መስዬ። (ጢሜ ሸብቷል፤ ማን ይጠረጥረኛል?)

ነዳጅ ፍለጋ በፈረስ የተላከው ሰው ሳይመለስ ሁለት አጋዘኖች አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አሉ። ተሰብሳቢው ማጨብጨብ ሊጀምር ሲል የክብር እንግዳው ራሳቸው አንሾካሾኩ፦ "ኧረ ዝም በሉ!"

ሀዊ ስትሸኘን ጠጋ ብላ "ጋሼ፣ ለሌላውም ምረቃ ይምጡልን፤ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ወንበር እይዝልዎታለሁ" አለችኝ።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፤ የትኛውን ንግግር አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ?