የኔታ መርስዔ ኀዘን የረቱበት ክርክር

የኔታ መርስዔ ኀዘን በክርክር ተረትተው አያውቁም። ጣና ዳር ባለች ደብር አርባ ዓመት ባሕረ ሐሳብ አስተምረዋል፤ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል በጣታቸው ቆጥረው ይናገራሉ። ምላሳቸው ግን ከጣታቸው ይፈጥናል፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

በሚያዝያ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ «የአየሩ መለወጥ የሰው ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ክርክር ባሕር ዳር ላይ አዘጋጀ። ክርክር ያለ ሁለት ወገን አይደምቅምና ባንዱ ወንበር ኮሌጅ የምታስተምረው የእህታቸው ልጅ እናትዓለም፣ በሌላው እሳቸው ተቀመጡ።

«በሊቃውንቱ ዘንድ ይኼ ክርክር ካለቀ ቆየ፤ ምድርን ያሞቃት ሰው የሚያነደው ከሰልና ነዳጅ ነው» አለች።

«እስቲ ልጄ፣ የእንፍራንዝ ገበሬ ስንት ፋብሪካ አለው?» አሏት። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሞቅ ሲላቸው ጊዜ ጨመሩበት፤ «ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው፤ በዘመነ ማርቆስ የግንቦት ዝናብ ዋሽቶ አያውቅም!» ይህን የትም መጽሐፍ ላይ አላነበቡትም፤ ለንግግር ማሳመሪያ ጣል ያደረጉት ነው። ጭብጨባው ቀለጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ሲወጡ እናትዓለም ክንዳቸውን ይዛ፣ «አጎቴ፣ የፋሲካን ዕለት በጭብጨባ ነው የሚያወጡት?» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ወጥተው ሰማዩን ያዩ ጀመር።

ግንቦት ገባ፤ ሁለት ቀን ዘነበና ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት የደብሩ ሰዎች፣ «የዘንዘልማው ገበሬ ቢያዝን በእርስዎ ቃል የዘራው በቆሎ በቅሎ ነደደ፤ ዛሬ ደግሞ ሊዘራ ነው» ሲሏቸው በባጃጅ በረሩ። ቢያዝን በሬዎቹን ጠምዷል፤ የቤቱ የመጨረሻ እህል በስልቻ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም።

«አትዝራ! ተሳሳትሁ፤ የረታሁት በአፌ ነው፣ እውነቱ የልጅቷ ነው። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያቺን እህል ለልጆችህ አቆያት።»

ቢያዝን ጉልበታቸውን ስሞ ቀና አለ። «የኔታ ደግሞ! በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ረትተው ሲያበቁ? ትሕትናዎ ነው። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ዋሽቶ አያውቅም ብለዋል።»

«የዋሸሁስ እኔ ነኝ!»

«ሊቅ እንዲህ ነው» አለ ፈገግ ብሎ፤ ስልቻውንም ፈታ። የኔታ እጁን ሊይዙት ሲጠጉ፣ ሊባርኩት መስሎት አንገቱን ደፋላቸው። ከዚያ እፍኙን ሞልቶ ደረቁ አፈር ላይ በተነው።