በስልክ የተለካ መንገድ

ይህ መጻፍ ያለበት ነገር መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ዘግይታ ስለተመዘገበች ተማሪ ማን ማንበብ ይፈልጋል? ሰው አልሞተ፣ እኔም ከትምህርቴ አልቀረሁ። ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የተመደብኩት ሰሜን ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመመዝገቢያው ቀናት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ያለፈ ተማሪ በቂ ምክንያት ካላቀረበ የዓመቱን ቦታ ያጣል ይላል ማስታወቂያው። ስለዚህ ምዝገባው ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ከካንጋተን ተነሳሁ። አባቴ ግንበኛ ነው፤ ሥራውን ጥሎ እስከ ጂንካ ሸኘኝ። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍረን ገና ቱርሚን እንዳለፍን፣ ደረቁ ወንዝ ደጋ በጣለ ዝናብ ሞልቶ አገኘነው። ሁለት ሌሊት ዳር ላይ አደርን። አባቴ ሰነዶቼን በላስቲክ ጠቅልሎ በጉያው ይዞ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው ያነጋው።

ጂንካ ስንደርስ ደግሞ ሁለት ቀን የአውቶብስ ወንበር አጣን። መናኸሪያው አጥር ሥር ቆመን ሳለ አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ። አባቴ ቀና ብሎ፣

«ያውልሽ መኪናሽ፣ ጥሎሽ ሄደ» አለኝ። ሳቅን።

ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል ሰሜን እስክደርስ በአውቶብስ ሌላ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ የሬጅስትራሩ መስኮት ፊት የቆምኩት ምዝገባው በተዘጋ ማግስት ጠዋት ነው።

«ከየት ነው የመጣሽው?» አለኝ ሠራተኛው።

«ከደቡብ ኦሞ ነው ጋሼ። ከካንጋተን።»

«የት ነው እሱ?»

«ከጂንካ ወዲያ። ከተነሳሁ ስምንት ቀኔ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ነካካ። «ጂንካማ አውሮፕላን አለ! ይኸው፣ እስከ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከሩብ። ከዚያ እዚህ አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስምንት ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?»

«እህቴ፣ በእግርሽ ነው እንዴ?» አለች ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዷ። ሰልፉ ሳቀ።

መንገዱን ቀን በቀን የዘረዘርኩበትን ማመልከቻ ሰጠሁት። ሁለት መስመር አንብቦ መለሰልኝ።

«ይሄ ታሪክ ነው። በራሴ ቸልተኝነት ዘግይቻለሁ፣ አይደገምም ብለሽ ፈርሚ፤ አስመዘግብሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ቸልተኛ ግን አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ትኬት አምጪ። ከካንጋተን ጀምሮ።»

«ጭነት ላይ የተሳፈረ ሰው ትኬት አይቆረጥለትም።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ባዶ ወረቀት ገፋልኝና ወደሚቀጥለው ተማሪ አየ።

በስልኩ ላይ ያለው ሰዓት ልክ ነው፤ አልክድም። ግን ያ አንድ ሰዓት ከሩብ መቆጠር የሚጀምረው ጂንካ ላይ፣ ያውም የአውሮፕላን ትኬት ለያዘ ሰው ነው። እኔ ጂንካ የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ ሳይተኛ ያነጋበት ወንዝ በዚያ ስልክ ላይ የለም። ቸልተኛ ነበርኩ ብዬ ስፈርም እሱንም ቸልተኛ ማለቴ እንደሆነ አውቄያለሁ። አውቄም ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ቦታዬን እንዳላጣ ፈርቼ።

ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ሲቀበለኝም «አመሰግናለሁ ጋሼ» አልኩት። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ አመሰገንኩት! እውነተኛው ማመልከቻ እጄ ላይ ቀረ፤ ውሸቱ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ፤ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.።