እማማ ሩቢ የገቡበት በር

የሳኒታይዘር ሽታ ሲመጣብኝ እዚህ አሜሪካ ሆቴሎቹ ከኮቪድ በኋላ እንደገና የተከፈቱበት ሰሞን ትዝ ይለኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሆቴል ክፍል የምታጸዳው እናቴ የምትሠራበትን ሆቴል ልታሳየን እኔንና ጥቁር አሜሪካዊቷን ጎረቤታችንን፣ እማማ ሩቢን፣ ይዛን ሄደች። ዘበኛው እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ሲያደርግልን እማማ ሩቢ ዋናውን በር ትክ ብለው አዩት።

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እናቴ እዚህ ትዘፍን ነበር» አሉኝ። «እንግዳው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብላታል። የምትገባው ግን በወጥ ቤቱ በር ነበር።»

«የዚህኛው ቁልፍ ጠፍቶ ነው?» አልኳቸው።

ማስካቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙና «ነይ፣ እንውጣና እንደገና እንግባ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ወጥተን ገባን። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

በእናታቸው ዘመን ጥቁር ሰው በዋናው በር እንዳይገባ ይከለከል እንደነበር ያወቅሁት እማማ ሩቢ ከሞቱ በኋላ ነው። ባውቅ ኖሮ አሥር ጊዜ እንመላለስ ነበር።