ማንም አልሞተብኝም

ባለፈው ሳምንት አምቦ መናኸሪያ የጊንጪ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝ። ትከሻዬ ላይ የወረደውን ጸጉሬን አዩ፣ ጥቁር ቲሸርቴን አዩ፣ ከዚያ መስፈሪያውን ብርጭቆ ቆሎው ውስጥ ሻጥ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፤ ማንህ ነው?» አሉኝ። ማንም አልሞተብኝም አልኳቸው። አላመኑኝም። ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡኝ ሁለት ጊዜ መረቁልኝ፤ ሐዘንተኛ ምሳውን እንደማይበላ ያውቃሉ።

ሠላሳን አልፌያለሁ፤ ደመወዝተኛ ነኝ። ይህ ጸጉር ብዙ አሰድቦኛል፣ ከበር አስመልሶኛል፣ ጸበል ቦታም ስሜን አስጠርቶ ያውቃል። ካመጣብኝ ጣጣ ሁሉ ግን እጃጂ ከተማ ላይ የደረሰብኝን የሚያህል የለም። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ያሰብኩትም እሱን ነው።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በከተማችን ዘፈን የሚገኘው ከጀማል ሱቅ ነበር። ጀማል ከደቡብ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ቻርጀርና የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፣ ጎን ለጎን ሚሞሪ ይጭናል። ሚሞሪህን ትሰጠዋለህ፣ ኦሮምኛ ነው አማርኛ፣ ሬጌ ነው መዝሙር ብሎ ይጠይቅሃል፣ እሱ ሲጭን አንተ ከዝናቡ ተጠልለህ ትጠብቃለህ። አንድ የሐምሌ ቀን ጭኖልኝ ሲጨርስ «ቦታ ተርፎሃል፤ ባዶ ከሚሄድ» ብሎ ማንም የማይፈልገውን አንድ ፎልደር ጨመረበት። ፎልደሩን ራሱ ነው ስም ያወጣለት፤ «እብዶች» ይላል።

ቤት ገብቼ ኢርፎኔን ሰካሁ። መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ገባ፤ ቀጥሎ ከበሮው፤ ከዚያ አንድ ሰው ከሆዱ ጮኸ። ምን እንደሚል አላውቅም። እኛ ቤት ደግሞ የሚጮህ ሰው የለም። አባቴ ኦቦ ገመቹ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከማስተማሩ በላይ የሚታወቀው ግን በሽምግልናው ነው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ገበሬ፣ ሁሉም ደጃችን ይመጣል፤ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስታርቃቸዋል። እኛም ስንስቅ ዝቅ፣ ስንቆጣ ዝቅ አድርገን ነው ያደግነው። እና ያ ሰው በጆሮዬ ሲጮህ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የዋጥኩትን ሁሉ የሚያወጣልኝ መሰለኝ። አለቀስኩ ብል አላፍርም።

በማግስቱ ጀማል ጋ ሄጄ ቪዲዮ ካለህ አልኩት። ነበረው። ወንዶች ናቸው፤ ኩል ተኩለዋል፣ ሱሪያቸው ከእግራቸው ጋር የተሰፋ ይመስላል፣ ጸጉራቸው ወደ ላይም ወደ ጎንም ቆሟል። ጀማል «አላህ ይሁናቸው» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ማንንም አለመፍራታቸውን አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉሬን አልተቆረጥኩም።

የሮክ ቲሸርት አምቦ አይሸጥም። ከቦንዳ ጥቁር ቲሸርት መርጬ፣ በረኪና በክብሪት እንጨት እየነከርኩ መብረቅ ሣልኩበት። ሁለቱን በረኪናው በልቶ ቀደዳቸው፤ ሦስተኛው ተሳካ። ጸጉሬን ደግሞ ጎረቤታችን ሰናይት የሴቶች ጸጉር ቤቷ ጭር በሚልበት ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ኋላ እያበጠረች ታቆምልኝ ነበር። ስፕሬዩን ስትነፋብኝ ሁለታችንም እናስላለን። «ሚዜ የሌለህ ሙሽራ» ትለኝ ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ «ቁረጠው» አለ። ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ ቁርስ ላይ አየት ያደርገኝና «ዛሬም አለ?» ይላል። «አለ» እላለሁ። ሻይውን ይጠጣል። እንዲህ ሆነን ከአንድ ዓመት በላይ ከረምን።

በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ሽማግሌ ላኩልኝ አለ። እጃጂ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ እዚያ ጫልቱ የምትባል የእህል ነጋዴ ልጅ ወዶ ሦስት ዓመት ጠብቋል። ጫልቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ስለሰማ እንቅልፍ አጥቷል። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም የሚሉ አሉ፤ አባቴ ግን የሰውን ሁሉ ሳስታርቅ ኖሬ የራሴን ለማን እተዋለሁ ብሎ ራሱ ተነሣ። ሁለተኛው የልብ ወዳጁ ኦቦ ለማ ነበሩ፤ ሦስተኛው ባለ ደብል ጋቢናው አጎቴ። ችግሩ አጎቴ ዓይኑ ደክሞ መንዳት አቁሟል። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ።

«ትነዳለህ» አለ አባቴ፤ «ከመኪና ግን አትወርድም።»

መስከረም ውስጥ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። ጉደርን አልፈን ሽቅብ ስንል ጭጋጉ ጌዶ ላይ ያዘን፤ መብራት አብርቼ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። በግራና በቀኝ የጤፉ ማሳ አረንጓዴ ነው። ከኋላ ኦቦ ለማ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምን እንደሚባል ያስጠናሉ። እጃጂ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ፤ እኔ ከግቢው በር ፊት ለፊት መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ኢርፎኔን ሰካሁ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት «ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆመዋል። የጫልቱ አባት ኦቦ ፈይሳ «ተናገሩ» ብለዋል። ኦቦ ለማ ጀምረው ሞቅ ሲላቸው፣ የጫልቱ እናት መኪና ውስጥ ሰው መቅረቱን ሰምተው ሊጠሩኝ ወጡ። እኔ አላየኋቸውም። ጸጉሬ ፊቴን ሸፍኖታል፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ራሴን ወደ መሪው እየወረወርኩ እመልሳለሁ፣ እወረውራለሁ እመልሳለሁ። ያዩት ይህንን ነው። ትከሻ የደረሰ ጸጉር፣ ጥቁር ልብስ፣ የሚወዛወዝ ራስ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው፣ እያለቀሱ ተመለሱ።

ኦቦ ፈይሳ የሚስታቸውን ነጠላ አይተው ነገሩን አቋረጡ። «ሐዘን ደብቃችሁ ነው የመጣችሁት? ሬሳ ከወጣበት ቤት ልጅ ይጠየቃል?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ተጠርቼ ገባሁ። ኦቦ ፈይሳ ለእኔ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ረዥም፣ ሽበታም ሰው ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ የኔ ልጅ። ማን ሞቶብህ ነው?»

«ማንም አልሞተብኝም።»

«ታዲያ ሚስቴ መኪና ውስጥ ሲያለቅስ ያየችው ማንን ነው?»

«እኔን ነው፤ ግን አላለቀስኩም። ሙዚቃ እየሰማሁ ነበር።»

«ራስህን መሪው ላይ እየወረወርክ?»

«አዎ። ጥሩው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር።»

ኦቦ ፈይሳ እጄን ለቀቁኝ። ይኼኔ ኦቦ ለማ ፈጠን ብለው ገቡ፤ የሽምግልና ልምዳቸው ነው። «ነገሩ ስለት ነው» አሉ። «ልጁ ለገብርኤል ተስሎ ነው ጸጉሩን ያሳደገው። ስለቱ ሲደርስ ይቆርጠዋል።»

ብልህ መልስ ነበር። ስለት ያለበትን ሰው ማን ይነካል? የጫልቱ እናት ማማተብ ጀምረዋል። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ለምኖኝ አያውቅም። ከእኔ የሚፈለገው ራስን መነቅነቅ ብቻ ነው። ወንድሜ ሦስት ዓመት የጠበቃት ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

ያንን ጊዜ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በመልአክ ስም መዋሸቱ ከብዶኝ ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደስታዬን መጀመሪያ ሐዘን አሉት፣ አሁን ደግሞ ስለት ሊሉት ነው፤ በራሱ ስም የሚጠራው ሰው ጠፋ። ደሜ ፈላ።

«ኦቦ ለማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስለትም የለብኝም» አልኩ፤ ድምፄ እኛ ቤት ከሚፈቀደው በላይ ወጣ። «ያሳደግኩት ደስ ስለሚለኝ ነው። ሙዚቃው የሚያስደስተኝን ያህል ሌላ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። የማፍርበት ቢሆን ኖሮ ቆርጬው እመጣ ነበር።»

አጎቴ ሳለ። አባቴ ጫማውን ያይ ጀመር።

«በአያቶቻችን ዘመን» አሉ ኦቦ ፈይሳ ቀስ ብለው፣ «ጎፈሬ የሚያሳድገው ጎሽ የገደለ ነው። አንተ ምን ገድለህ ነው?»

«ምንም አልገደልኩም።»

«ሳትገድል?»

«ሳልገድል።»

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ኢርፎን አልጠፋም ነበር፤ ያ ዘፋኝ በቀጭኑ ሲጮህ ሁላችንም ሰማነው። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። የጫልቱ እናት ወደ መጋረጃው አፈጠጡና ነጠላቸውን መልሰው አቀኑ። ኦቦ ፈይሳ ፊታቸውን ሳይፈቱ «ሰምተናል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ለመልሱ ኑ» አሉ። የሴት ቤተሰብ መልስ ሳይሰጥ እህል አይቀመስምና ጦማችንን ወጣን።

ጉደር ስንደርስ አባቴ «አቁም» አለኝ። ያወርደኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መንገድ ዳር ከሚጠብሱት ሴቶች አራት የበቆሎ እሸት ገዝቶ አደለን። እዚያው መኪናውን ተደግፈን በላን። እጄን ያቃጥለኛል፣ ጭሱ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል፣ ራቡ ግን አላስቆመኝም። አባቴ ግማሹን በልቶ በቆሎውን እያገላበጠ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ እንዲህ አለኝ፦

«ለመሆኑ እኔ ስሞት ምን ልታሳድግ ነው? ያለህን ሁሉ ከወዲሁ ጨረስከው እኮ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ይገባ ነበር። አልጠየቅኩም። «ያን ጊዜ እቆርጠዋለሁ» አልኩት፣ አፌ በቆሎ እንደሞላ። አጎቴና ኦቦ ለማ ሰምተዋል። አባቴ የቀረውን በቆሎ ጨርሶ ቆረቆንዳውን ወደ ቦዩ ወረወረና «ንዳ» አለኝ።

ታደሰ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ አልፈርድበትም። በሁለተኛው እሁድ ሽማግሌዎቹ ያለ እኔ በሕዝብ ማመላለሻ ሄዱ፣ ማታ ስቀው ተመለሱ። ኦቦ ፈይሳ ልጃቸውን ሰጥተዋል። «መዋሻ ተሰጥቶት እንቢ ያለ ልጅ ከወጣበት ቤት፣ ልጄን የሚዋሻት አይኖርም» ብለዋል አሉ። ጥር ላይ ተሰረገ። እኔም ከሱፉ ሥር ባለመብረቁን ቲሸርት ለብሼ፣ ሰናይት ጸጉሬን እንደ ልቤ አቁማልኝ ጨፈርኩ። አባቴ በማግስቱ ቁርስ ላይ «ዛሬም አለ?» አለ።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። በቀብሩ ማግስት፣ ወንድሞቼና የአክስቶቼ ልጆች ምላጭ እርም ብለው ጺማቸውን ሲለቁ፣ እኔ ወደ ሰናይት ሄድኩ።

«ቁረጪው።»

«አብደሃል? አባትህ ትናንት ተቀብሮ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን አይልም? ቁረጪው። እስከ ሥሩ።»

ማሽኑ ሲንጫጫ እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ያን ጊዜ ነው ለአባቴ ደህና አድርጌ ያለቀስኩት። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አክስቴ «አባቱን ቀብሮ ሳይሰነብት ተላጭቶ መጣ!» ብላ ደረቷን መታች። የጉደሩን ቃል የሚያውቁት አጎቴና ኦቦ ለማ ብቻ ነበሩ። አጎቴ ያኔ ጨርሶ አያይም፤ እጁን ሰደደና ራሴን ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ዳሰሰው። ለአክስቴ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረቷን መምታት ተወች።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ፈይሳ ከእጃጂ ደረሱ። ድንኳኑ ጺማቸውን ባልተላጩ ወንዶች ሞልቷል። ሁሉንም አልፈው ወደ እኔ መጡና መላጣዬን ቆመው አዩት። እጄን እንደዚያን ቀን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።

ጸጉሬ እንደገና ትከሻዬ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት የጊንጪው መኪና ሞልቶ ረዳቱ ሲጠራን፣ ባለ ቆሎዋ እናት አሁንም በሐዘኔታ ያዩኝ ነበር። «እማማ፣ የሞተብኝ ጊዜማ ቆርጬው ነበር» አልኳቸው፤ «ይኼ ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው።» ግራ ገብቷቸው ቀሩ። ገብቼ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ኢርፎኔን ሰካሁ፣ ከከተማ ወጣን። ጊታሩ ብቻውን ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ሰውዬው ጮኸ። ጥሩው ቦታ ሲደርስ ራሴን ወረወርኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ እኔ ዞር ብላ አየችና ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ታዘቅዝቅ።