በራፍ ላይ ያልወጣው ቴሌቪዥን

በመተማ ዮሐንስ ገበያ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ከሱቅ ይዞ ወጥቶ በራፍ ላይ በፀሐይ ያየዋል። ጨርቅም ይሁን ጫማ፣ ዕቃው በሱቁ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ከፍሎ የሚሄድ እንግዳ ብቻ ነው። እኔ እዚያው አጠገብ፣ ኮኪት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

እናቴ ኮኪት ውስጥ፣ መኪና መንገዱ ዳር፣ ሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሻይ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሳምንቱን እርሻ ላይ ከርመው እሑድ ጠዋት በትራክተር ተሳቢ ወደ ከተማ ይመጣሉ፤ ዳሳችን ውስጥ ሻይ እየጠጡ ድራማና የኳስ ድጋሚ ያያሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተሳቢው ጭኗቸው ይመለሳል። ዓመቱን የምንኖረው በእነዚያ ጥቂት እሑዶች ነው። አምና ግን ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሻይ ቤት ተከፈተና ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለ። የእኛ ትንሽና አሮጌ ስለነበር ሰዎቹ አንድ በአንድ ተሻገሩ። ዳሱ ከተዘጋ እናቴን የሚጠብቃት ቀድሞ ወገቧን የሰበረው የእርሻ ሥራ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ስመጣ ሁለት ጥጆቿን ሸጣ የቴሌቪዥን መግዣ ይዛ ጠበቀችኝ።

"አንቺ ነሽ የምትመርጪው። እኔ ምን አውቃለሁ?"

ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ከስልኬ አነበብሁ፤ ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርሁ። ባለ ፎር ኬው፣ ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች ከተለመደው በአራት እጥፍ ይበዛሉ። ኦሌድ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው። "በተለይ ብርሃን ለማይገባበት ክፍል" የሚል ቃልም ነበረበት። አንብቤው አለፍሁ።

መተማ ዮሐንስ፣ ሀጂ የምንላቸው ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ፣ በመጋረጃ በተሸፈነ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን አበሩልን። አንዱ ተራ ኤልኢዲ ነው፤ አነስ ያለ፣ ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ። ሌላው ሃምሳ አምስት ኢንች፣ ኦሌድ፣ ባለ ፎር ኬ፤ ከሱዳን የመጣ፣ ትንሽ ያገለገለ፣ ለዚህም ነው ለአቅማችን የደረሰው። በፍላሽ የጫኑትን የባሕር ዓሣ ሲያሳዩን እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

"የት ነው የምትሰቅሉት?" አሉ ሀጂ።

"ዳሱ ውስጥ ነዋ" አለች እናቴ።

"እንግዲያ ብርሃን ያለውን ውሰዱ። ባይሆን ሁለቱንም በራፍ ላይ አውጥተን እንያቸው፤ ረዥም ገመድ አለኝ።"

"አያስፈልግም ሀጂ" አልሁ። "ያኛው ጥቁሩን ግራጫ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ይኼኛው በደረጃ ይበልጣል።" ደብተሬን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ሠንጠረዡን አዩትና ሳቁ። "ተማም፣ ኡስታዛ! እሺ፣ መምህርቷ! እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ። እናት፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"ልጄ ካለች አለቀ።"

እሑድ ረፋድ ላይ ተሳቢው ደረሰና ዳሱ ሞላ። ቴሌቪዥኑን ከፈትሁት። በዚያ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መንገዱ፣ የቆሙት መኪኖችና የተቀመጡት ሰዎች ራስ ነበር። ድራማው ከበስተኋላ እንደ ጥላ ይንቀሳቀሳል። ቀረብ ብለው ላዩትም የተዋናዮቹ ፊት ሁሉ የደበዘዘ ነው፤ ከዲሹ የሚመጣው ሥርጭት ፎር ኬ አልነበረምና።

"እትዬ፣ ይኼ ቴሌቪዥን ነው መስተዋት?" አለ አንድ ጎጃሜ። "ምላጭ ካለዎት ጢሜን ልላጭበት።"

"ዝም በል፣ የእኛን ድራማ ነው የሚያሳዩን" አለው ወሎዬው ጓደኛው። "ያውልህ፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገው መልከ መልካም እኔ ነኝ!"

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ ብርጭቆ ባቀበለች ቁጥርም "ልጄ ናት የመረጠችው፤ ከሁሉ የበለጠው ዓይነት ነው" ትላለች። ዝም ብትልልኝ ምንኛ በወደድሁ።

በሚቀጥለው እሑድ የሰሊጥ መሸፈኛ ሸራ ተውሰን ሦስቱን ጎን ጋረድን። ምስሉ ቁልጭ አለ። ሙቀቱ ግን አላስቀምጥ አለ። ያው ጎጃሜ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። "ቆላ መውረዳችን አንሶ ምድጃ ውስጥ ግቡ ነው የምትሉን?" ሌሎቹም ላባቸውን እየጠረጉ ተከተሉት፤ መንገዱን ሲሻገሩ በሸራው ቀዳዳ አየኋቸው።

"እማዬ፣ ሀጂ ዘንድ ወስደን እናስለውጠው" አልኋት።

"ምን ብዬ? ልጄ ተሳሳተች ብዬ?" ሸራውን እያጠፈች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። "ደብተርሽን ከፍተሽ ያሳየሻቸው ሰው ፊት አላዋርድሽም።"

እኔው ራሴ እሄዳለሁ ልላት ይገባ ነበር። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሀጂም ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የሀጂ ሳቅ ፊቴ ድቅን አለ። እሷ ለእኔ ክብር ብላ ያለችውን እኔ ለራሴ ምቾት ተቀበልሁት።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ለአጫጆቹ ወጥ ሠሪ ሆና ተቀጠረችና በዚያው ተሳቢ ወደ እርሻ ሄደች። እሑድ ከደንበኞቿ መካከል ወገቧን ይዛ ወረደች። እነሱ ወደ ማዶው ሻይ ቤት ሄዱ፤ እሷ ወደ ቤት ገባች። ቴሌቪዥኑን መስኮት ወደሌለው ክፍል አስገብቼው ነበር። በሩን ዘግቼ ከፈትሁላት። ጥቁሩ እውነትም ጥቁር ነበር።

"አየሽ፣ መምረጡንስ ታውቂበታለሽ" አለችና አልጋው ላይ ጋደም አለች። "ድምፁን ቀንሺው። ተሳቢው ጥሩንባ ሲነፋ ቀስቅሺኝ።"