የህንዷ ድስት

እናቴን በቀበርን በሣልስቱ ከድንኳኑ ጀርባ የሽንኩርት ሽታ መጣ። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ቢሸት ምን ይገርማል? ይኼኛው ግን በዘይት ተቁላልቶ ተቁላልቶ ጫፉ ማረር ሲጀምር የሚጣፍጠው ዓይነት ነው፤ እርድና ኮረሪማም ጣል ተደርጎበታል። አፍንጫዬ ቀድሞኝ አወቀው። ለቀስተኛውን ትቼ ተነሣሁና ወደ ጓሮ ዞርኩ።

የእድሩ ሴቶች ትልቅ የመዳብ ድስት ጥደው የአተር ክክ አልጫ ይሠራሉ። ጾም ነበር። ድስቱን ሳየው ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሴቶቹ የእናቴ ሐዘን የተመለሰብኝ መስሏቸው ደግፈው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ድስቱ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው።

«የእድሩ ነዋ!» አለች ማማሰያ የያዘችው ወጣት። «የህንዷ ድስት ነው የሚባለው። ለትልቅ ለቅሶ ከእሱ ሌላ የሚበቃ የለንም።»

ህንድ አልነበረችም። ስሟ ራሺዳ ነው፤ አገሯ ፓኪስታን፣ ከተማዋ ፋይሰላባድ። ባሏ የሽመና ማሽን መሐንዲስ ነበርና በኮንትራት ተቀጥሮ አርባ ምንጭ ሲመጣ ይዟት መጣ፤ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ከእኛ ቤት ጎን ያለውን ባለ ቆርቆሮ ቤት ተከራዩ። እኔ ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ልጅ አልነበራቸውም። እኛን የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ «ኻላ» በሉኝ አለችን፤ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። እናቴን «የሺ ባጂ» ትላታለች፤ ታላቅ እህቴ የሺ እንደማለት። ሰፈሩ ግን «ህንዷ» አላት። «ህንድ የለም! ፓኪስታን!» እያለች ጣቷን እየነቀነቀች ስታርማቸው ይስቃሉ፤ በማግስቱ ደግሞ «ህንዷ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ካርታ ያውቃል፤ እሱ እንኳን «ድሮ አንድ አገር ነበሩ» ብሎ አለፈው።

ሱሪዋ ላይ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቀሚስ ደርባ፣ ስስ ሻርፕ ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ ትውላለች። ጣሪያው ላይ በጠርሙስ የጠቀጠቀችው ጥሬ ማንጎ ከሰናፍጭና ከአብሽ ጋር ፀሐይ ይመታዋል። መስኮቷ ላይ አንቴናው የተሰበረ ቴፕ ነበራት፤ ከውስጡ የሚወጣው የወንዶች ዜማ ጭብጨባ የበዛበት ነው። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ መስጊድ የሚወጣው አዛን ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ የሚደርሰው ነፋስ ሲቀና ብቻ ስለሆነ፣ ሳይሰማት ሲቀር የእጅ ሰዓቷን አይታ ትሰግዳለች። እኔ በራፏ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ፤ ስትጨርስ ሻይ በወተት አፍልታ ኮረሪማ ትጨምርበታለች። የአገሯ ሄል እዚህ ስለሌለ ነው፤ ኮረሪማው የሄል ታላቅ ወንድም ነው ትል ነበር።

እናቴ ትወዳት ነበር። ይኼን አልክድም። ኻላ የመጀመሪያዋን ወባ ስትታመም፣ ባሏ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከራስጌዋ ያልተነሣችው እናቴ ናት፤ አጃ አፍልታ በማንኪያ አጠጥታታለች፣ ላቧን ጠርጋላታለች፣ ፀጉሯን ጎንጉናላታለች። እናቴ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ፋሲካ እናቴ ጠርታት ዶሮ ወጥ አቀረበችላት። ኻላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «የሺ ባጂ፣ ይቅርታ። እኛ ያረድነው ሥጋ ብቻ ነው የምበላ። ሽሮ አለ?» አለች። እናቴ ሳቀች። ሽሮ ተሠራላት፣ በላች፣ ተመርቃ ሄደች። ማንም አልተቀየመም። እንዲህ ቀላል ነበር።

ከዚያ አረፋ መጣ። ባሏ ከሲቀላ ገበያ ሙክት ገዝቶ በገዛ እጁ አረደ። በእነሱ ደንብ የአረፋ ሥጋ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ሲሶው ለቤት፣ ሲሶው ለችግረኛ፣ ሲሶው ለዘመድ። «እኔ እዚህ ዘመድ የለም» አለቻት ለእናቴ። «የሺ ባጂ ዘመድ። ሰፈር ሁሉ ዘመድ።»

ድስቱን ያን ቀን ነው ያየሁት። ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ነው። በእነሱ አገር ሙሽራ ይዛ በምትሄደው ዕቃ ላይ ስሟ ይቀረጻል አለችኝ፤ ዕቃው ሰው ቤት ቢውል የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ። ጣቴን ይዛ የድስቱ ከንፈር ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አስኬደችኝና «ራ-ሺ-ዳ» አለች። ሩዙንና ሥጋውን አንዱን ባንዱ ላይ አነጠፈች፣ ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ ለጠፈችው፣ ከላይም ከታችም ፍም አደረገች። ሊጡ ሲሰበር የወጣው ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ሰው አስቆመ።

አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ መዳፏን ሂና ተቀብታ፣ በየሰሃኑ ቢጫ ሩዝና ጎድን እየደረበች፣ ጥልፍ ጨርቅ አልብሳ ራሷ በየቤቱ አደረሰች። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። «ምነው ተቸገርሽ! ዓመት ዓመት ያድርስሽ!» አሏት። እናቴ በሩን ዘጋችና ሰሃኑን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ሙዙ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ደፋችው። እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ አየኋት። የእስላም ሥጋ ነው፣ አንበላም፣ አለችኝ። በማግስቱ ሰሃኑን አጥባ፣ ባዶውን እንዳይሆን አንድ ዘለላ ሙዝ አድርጋበት መለሰች። «እጅሽ ይጣፍጣል!» አለቻት ያልቀመሰችውን። ኻላ ፊቷ ሁሉ በራ።

የሲቀላ ሙስሊሞች ይኼን ነገር ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። ክርስቲያን ጎረቤት ያለው ሰው በበዓሉ ክርስቲያን ጠርቶ ለብቻው ያሳርዳል፣ ካልሆነም ዳቦና ለስላሳ ያቀርባል፤ ማንም ማንንም አያሳፍርም። ኻላ ግን ከየት ትወቀው? ፋይሰላባድ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ሥጋዋን ይበሉላት ነበር፤ ሌላም ክርስቲያን አታውቅም። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቢነግራት ባለቀ። ሰፈር ሙሉ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነፈጋት። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ተቀበሏት፣ እንዲሁ መረቋት፣ እንዲሁ ቀበሩት።

በሦስተኛው አረፋ እናቴ ቸኩላ ኖሮ ጉድጓዱን በደንብ አላጠለቀችውም። አባ ኮዳዎች ከሐይቁ በኩል መጡ። አርባ ምንጭ ያደገ ያውቃቸዋል፤ ራሰ በራ፣ አንገታቸው ላይ ኮሮጆ ያንጠለጠሉ ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ ሥጋ ካለበት አይቀሩም። እናቴ ዱላ ይዛ ስታባርራቸው ኻላ በጓሮ በር ገባች። ለእኔ ብላ ያስቀረችውን ተጨማሪ ጎድን በሰሃን ይዛለች። አንዱ ወፍ አጥንቱን ወደ ላይ ወርውሮ ዋጠው። ቢጫው ሩዝ አፈሩ ላይ ተበትኗል።

«የሺ ባጂ» አለች ኻላ፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «አትበሉም?»

እናቴ ዱላውን ጣለችው። «ራሺዳዬ… እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ፋሲካ ‹አልበላም› አልኩ። አንቺ ከፋሽ?»

«አልከፋኝም።»

«ታዲያ እኔ ለምን ይከፋኛል?» ሰሃኑን አየችው፣ ወፎቹን አየቻቸው። «ቢስሚላህ ብዬ ያበሰልኩት ነው።» እንዳመጣጧ በጓሮ በር ወጣች።

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ያን ቀን ጠላሁት። ሰው ላለማስከፋት ብለን ለዓመታት ዋሸናት፤ የእውነቱን ቀን ያስከፋናት ደግሞ በዚያ በተጠራቀመ ውሸት ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ አባ ኮዳ ጓሯችን ሲያርፍ ማየት አትችልም ነበር፤ በድንጋይ ነው የምታባርረው። ስለ ሥጋው ግን እስክትሞት አንድ ቃል አልወጣትም።

ሌላ ሴት ብትሆን በሯን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። ኻላ ግን ግትር ናት። አንድ ቤት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጉርሻ ከእጇ እንዲበላላት ትፈልግ ነበር፤ ያለዚያ ጎረቤት አለኝ ብላ ማመን አቃታት። በሚቀጥለው አረፋ ለሰፈሩ ለብቻው ድንችና ሽንብራ የገባበት ሩዝ በዘይት ሠራች። «ሥጋ የለም! ቅቤ የለም! ወላሂ፣ ጾም ምግብ!» እያለች በየበሩ አዳረሰች።

ሴቶቹ የደረሳቸውን ሰሃን ይዘው እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት የእድሩ ሴቶች አለቃ፣ እትዬ አስካለ፣ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው አሸተቱት።

«ድስቱስ?» አሉ። «እስከ ዛሬ ሥጋ ሲሠራበት የኖረ ድስት አይደለም?»

ጎረቤታችን አማረች የጴንጤ ወንጌላዊ ሚስት፣ የጋሞ ደጋ የኦቾሎ ልጅ ናት፤ «እኛስ በጌታ ነፃ ነን» አለች። «ግን ምእመኑ ካየን ምን ይላል?»

እናቴ ተነሣች። ሰሃኑን ሸፈነችና ወደ ጓሮ በር ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችው። የትኛው ሙዝ ሥር እንደሚሄድ ገባኝ።

ወጥቼ ኻላ ቤት ሄድኩ። ኩሽናዋ ውስጥ ከድስቱ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አዲሱን ቀሚሷን እንኳን ሰብሰብ አላደረገችውም። ልብላ ወይ አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ከድስቱ ግርጌ ጠበስ ጠበስ ያለውን፣ የሚጣፍጠውን ክፍል ፍቃ ሰጠችኝ። በእጄ በላሁ። አፍ አፌን ታየኝ ነበር፤ በዋጥኩ ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሩዝ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። አዝኜላት አይደለም እንዲህ የምለው። እውነትም ይጣፍጥ ነበር።

እርድ ግን ከጣት ቶሎ አይለቅም። እናቴ ቤት ስገባ ጣቶቼን አየች፤ በሎሚና በአመድ ፈተገችኝ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላ አልብሳ ጠበል ልታስጠምቀኝ ይዛኝ ወጣች፤ እትዬ አስካለ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ኻላ በራፏን ስትጠርግ ደረስንባት።

«ቤታ! ልጄ! ታመመች?» አለች ደንግጣ።

እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እትዬ አስካለ ይሉኝታ የላቸውም። «ትናንት አንቺ ቤት በልታ ነው» አሏት፤ «ልናስጠምቃት ነው።» የሚናገረው ሰው ጠፍቶ የቆየው እውነት በዚያች ጠዋት ተገኘ።

ኻላ እኔን አየችኝ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ሰሃን ይዛ ስትዞር ያያት የለም። ሰላምታዋ አልቀረም፤ «ህንዷ» ሲሏትም ማረሟን ተወች። እሱ ነው ከሁሉ የከፋኝ።

ሌላ አረፋ ሳይደርስ የባሏ ኮንትራት አለቀ። ዕቃቸው በአንድ ነጭ ፒካፕ ተጫነ። ኻላ ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ እኛ በር ላይ መጣች። «የሺ ባጂ፣ ይኼ ይቅር። መኪና ላይ ቦታ የለም» አለች። ቦታ ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ ግማሹ ባዶ ነበር። እናቴ አልቅሳ ሳመቻት፣ ድስቱን እንደ እነዚያ ሰሃኖች በሁለት እጇ ተቀበለች። መኪናው ቁልቁል ወደ ሲቀላ እስኪጠፋ ቆመን አየነው። ባጂዋን እንጂ ሰፈሩን ዞራ አላየችውም።

እናቴ ድስቱን ኩሽናዋ ልታስገባው አልደፈረችም፤ ልትጥለውም አልሆነላትም። ለእድሩ ሰጠችው። እትዬ አስካለ በአመድ አስፈትገው፣ በሎሚ አስጥበው፣ ቄሱን ጠርተው ጠበል አስረጩት። «አሁን ንጹሕ ነው» አሉ። ራሺዳ ስንት ዓመት ለፍታ ያልሆነችውን ሰፈርተኛ ድስቱ ባንድ ጠዋት ሆነ።

እኔ ለትምህርት ከከተማው ወጣሁ፣ ሥራም ሌላ አገር ያዝኩ፣ ድስቱንም ረሳሁት። የእናቴ ለቅሶ ላይ ነው ዳግም የተገናኘነው።

ምሳ ቀረበ። ድንኳኑ ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞች አሉ፣ የአማረች ሰዎች አሉ፣ ከሲቀላ የመጡ የአባቴ ወዳጆች፣ ኮፍያቸውን ያደረጉ ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ። የጾም ምግብ ነውና ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ድስት ተጨለፈለት፣ ሁሉም በላ። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ሁለቴ አስጨመሩ። ኻላ ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ለእናቴ ይሁን ለእሷ ያለቀስኩት እኔም አላውቅም፤ ሰው ግን ለእናቴ መስሎት አባበለኝ።

ሰው ሲቀል ወደ ጓሮ ተመለስኩ። ያቺው ወጣት ድስቱን በአመድ ትፈትጋለች። ጎኑ ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከንፈሩ ላይ ግን ያ ቅርጽ እንዳለ ነው፣ አልጠፋም። ጣቴን ከቀኝ ወደ ግራ አስኬድኩበት።

«ጌጥ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ስሟ ነው። ራሺዳ ይላል።»

«የህንዷ?»

«ፓኪስታናዊት ነበረች።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ልዩነቱ እንዳልታያት ያስታውቃል። ውሃ ጨመረችበትና አለቀለቀችው። «ይኼን የሚያህል ድስት የነበራት ሴት መቼም ጎረቤት አብልታለች። እጇ ይጣፍጥ ነበር?»

«በጣም» አልኳት።

«ታድላችሁ ነበራ!» አለችና እጣቢውን ሙዙ ሥር ደፋችው። ድስቱን ፀሐይ እንዲመታው ግድግዳው ሥር ገለበጠችው፤ ስሟ ያለበት ከንፈር መሬቱ ላይ ተደፋ።